ለቋንጣ ማጠኛ ጥብቅ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያስፈልጋልን? ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አካባቢ ሁኔታ አንጻር የቀረበ ምልከታ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጭስና ምግብ የቆየ ቁርኝት አላቸው። የወተት ቅል ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የጠላ ጋን በግራዋ ታሽቶ ከጸዳ በኋላ በወይራ ጭስ ይታፈናል፤ ዝልዝል ሥጋ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ከምድጃው ከፍ ብሎ በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰቀላል። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ሙቀት የሚለካው በመዳፍ፣ በጭሱ መልክና በሽታው ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዱ «ሰማ» ስትል የምትናገረው ስለ ሙቀት መጠን ነው፤ ቁጥር ግን አልጠራችም፤ አልተሳሳተችምም።

በቅርብ ጊዜ ከበርሜል ወይም ከላሜራ የሚበየዱ የማጠኛ ሳጥኖች መታየት ሲጀምሩ አንድ ጥያቄ አብሮ መጥቷል። ሳጥኑ ላይ በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ፣ የሙቀቱን ልክ በዲግሪ ክፋይ የሚያሳይና ነፋስ መስጫ ማራገቢያን እያበራ እያጠፋ እሳቱን የሚገዛ መቆጣጠሪያ መጨመር ይጠቅማልን? ጥያቄው በመጀመሪያ እይታ የገንዘብ ጉዳይ ይመስላል። ይህ ጽሑፍ ግን ከዋጋው በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ እንዳለ ያሳያል፤ እርሱም መሣሪያው የሚቆጣጠረው የትኛውን ሙቀት ነው የሚለው ነው።

የችግሩ ወቅት

ቋንጣ በበጋ ብዙ ብልሃት አይጠይቅም። በገናና በጥምቀት ሰሞን አየሩ ደረቅ ነው፤ በቀጭኑ የተዘለዘለ ሥጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል። አስቸጋሪው ጊዜ ሌላ ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ሲፈታ፣ እንቁጣጣሽና መስቀልም ሲከተሉ፣ ቅርጫው ይበዛል፤ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም። ረቡዕና ዓርብ ጾም በመሆናቸው የእሑድ ሥጋ በሳምንቱ ውስጥ ሁሉ አይበላም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተረፈው ሥጋ ወይ ቋንጣ ይሆናል ወይ ይበላሻል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የማጠኛ ሳጥን ዋጋ የሚመዘነው በጥር ሳይሆን በነሐሴና በመስከረም ነው።

በክረምት ሳጥኑ የሚያደርገው ዋና ነገር ቀላል ነው። አየሩ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ አንጻራዊ እርጥበቱ 90 በመቶ ነው እንበል። ያው አየር ምንም ውሃ ሳይጨመርበት ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል፤ በ35 ዲግሪ 27፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ 16 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ መጠነኛ እሳት እንኳ የክረምቱን አየር ከበጋው ያደርቀዋል። ሁለተኛ፣ በ35 እና በ45 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት የማድረቂያውን ጊዜ ያሳጥር ወይም ያስረዝም ይሆናል እንጂ ሥራውን አያከሽፍም። ለማድረቅ ብቻ ከሆነ ሙቀቱ አሥር ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ቢል ጉዳቱ ትንሽ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥብቅ መቆጣጠሪያ የሚሻ ነገር የለም።

ይልቁንም ከሙቀቱ የበለጠ የሚወስነው የሥጋው ውፍረት ነው። ውሃ ከሥጋ ውስጥ ወደ ላዩ የሚወጣበት ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝልዝል አንድ ሴንቲ ሜትር ከሆነው ሁለት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ያህል ይቆያል። ሥጋውን በእኩል ውፍረት ረጅም አድርጎ የሚዘለዝል እጅ ማንኛውም መቆጣጠሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል። ውፍረቱ የተለያየ ዝልዝል በአንድ ሳጥን ውስጥ ከተሰቀለ ሙቀቱ ቢስተካከልም ግማሹ ሲሰበር ግማሹ እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

ሦስት ሙቀቶች

በአንድ ማጠኛ ሳጥን ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሙቀቶች አሉ፦ እንጨቱ የሚጤስበት ሙቀት፣ የሳጥኑ አየር ሙቀትና የሥጋው የራሱ ሙቀት። መቆጣጠሪያው የሚለካው መካከለኛውን ብቻ ነው። የጤና ጉዳይ የሚወሰነው ግን በፊተኛውና በኋለኛው ነው። የጥያቄው እምብርት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሁለቱን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ከሥጋው እንጀምር። እርጥብ ሥጋ በሞቃትና ደረቅ አየር ውስጥ ሲሰቀል ላዩ ላይ ያለው ውሃ እየተነነ ያቀዘቅዘዋል፤ እንስራ በነፋስ መሐል ውሃን እንደሚያቀዘቅዝ ማለት ነው። ከላይ የተጠቀሰውን የክረምት አየር ወስደን ወደ 60 ዲግሪ ብናሞቀው፣ በፍኖተ ሰላም ከፍታ ባለው የአየር ግፊት የእርጥቡ ሥጋ ገጽ ሙቀት በስሌት 26 ዲግሪ ግድም ብቻ ይሆናል። የሚነደው እንጨት የሚያወጣው እርጥበትና ከእሳቱ የሚፈልቀው ጨረር ይህን ቁጥር ከፍ ያደርጉታል፤ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የመቆጣጠሪያው መስታወት 60 እያለ ሥጋው ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ብሎ ይቆያል። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። የተጠየቀው ግን ስለ አየሩ ነበር።

ይህ ለምን ያሳስባል? ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ከሰው እጅና አፍንጫ ወደ ሥጋ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ጨውንም ከብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በተሻለ ይቋቋማል። ከ7 እስከ 48 ዲግሪ ድረስ ያድጋል፤ የሚመቸው 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ በማፍላት አይጠፋም፤ ማለትም ቋንጣው በኋላ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም መርዙ ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱ ፍጥነት ነው፤ ባክቴሪያው ሳይበዛ የሥጋው ላይ ውሃ ለእርሱ እንዳይበቃ ማድረግ። እንግዲህ አንድ ሰው «ቀስ ብሎ ይድረቅ» ብሎ መቆጣጠሪያውን 37 ላይ አድርጎ ወፍራም ሥጋ ቢሰቅል፣ መሣሪያው በታላቅ ጥንቃቄ የሚጠብቀው ለባክቴሪያ መራቢያ የተመረጠውን ሙቀት ይሆናል። እዚህ ላይ ጥብቅነቱ ራሱ ጉዳት ነው። በእጅ የሚጠበቅ እሳት ከፍና ዝቅ ስለሚል ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ አይረጋም።

በተቃራኒው ከመጀመሪያው እሳቱን አብዝቶ መልቀቅም አያዋጣም። የሥጋው ላይ ቶሎ ደርቆ ቅርፊት ይሆንና የውስጡን እርጥበት ያፍነዋል፤ ከውጭ ቋንጣ መስሎ ከውስጥ ይበላሻል። አማካዩ መንገድ ነፋስ የሚዘዋወርበት ሳጥን፣ ቀጭን ዝልዝልና በቂ ጨው ነው።

ቀጥሎ የሚነሳው ሥጋውን ማብሰል የሚባለው ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ደረቅ የበሬ ሥጋ ለሚያዘጋጁ ሰዎች የሚሰጠው ምክር ሥጋው ከመድረቁ በፊት ውስጡ 71 ዲግሪ እንዲደርስ ነው። «ከመድረቁ በፊት» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። ባክቴሪያዎች በደረቀ ሥጋ ላይ ከሆኑ በኋላ ሙቀትን የበለጠ ይቋቋማሉና፣ መጨረሻ ላይ እሳቱን ከፍ አድርጎ ማሳረግ የመጀመሪያውን ያህል አይሠራም። ይህ ምክር በጎጃም ቋንጣ ላይ እንዳለ ይፈጸም ቢባል ግን ቋንጣው ቋንጣነቱን ያጣል፤ ቀቅሎ ማድረቅና ዘልዝሎ መስቀል የተለያዩ ምግቦች ናቸው። ለወጥና ለፍርፍር የሚውለው ቋንጣ ኋላ በሚገባ ስለሚበስል፣ ባክቴሪያውንም የኮሶ ትል እጭንም የሚገድለው ድስቱ ነው፤ እጩ 60 ዲግሪ የደረሰ ሥጋ ውስጥ አይተርፍም። እንዳለ ተቆርጥሞ የሚበላው ቋንጣ ግን ይህ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ገዢው ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቋንጣው እንዴት ይበላል?» የሚለው ነው፤ መሣሪያ መምረጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የእሳቱ ጎን

እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲጤስ ለምግቡ ጣዕምና ቀለም የሚሰጡ ውህዶችን ይለቃል። አብረው ግን ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ፣ ከእነርሱም ቤንዞፓይሪንን የመሰሉ ካንሰር አምጪዎች ይፈጠራሉ። የእነዚህ መጠን እንጨቱ የሚጤስበት ሙቀት ከ400 ዲግሪ ወደ 1000 ዲግሪ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ይጨምራል። የአውሮፓ ኅብረት በጭስ በተዘጋጀ ሥጋ ላይ የሚፈቅደው የቤንዞፓይሪን መጠን በኪሎ ግራም 2 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። የዓለም የምግብ ሕግ ኮሚሽን (ኮዴክስ) እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንን ብክለት ለመቀነስ የሚያግዝ የአሠራር መመሪያ አውጥቷል።

አሁን ማራገቢያ ያለው መቆጣጠሪያ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። የሳጥኑ አየር ከተወሰነው ልክ ዝቅ ሲል ማራገቢያው ይነሳና ፍሙ ላይ ይነፋል። አየሩ ይሞቃል፤ የፍሙ ሙቀት ደግሞ ከአየሩ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ጭስ ሰጪው ወይራ በዚያው ፍም ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ የሚጤስበት ሙቀት ማራገቢያው በተነሳ ቁጥር ወደ ላይ ይዘላል። የሳጥኑን አየር በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚጠብቅ መሣሪያ የእንጨቱን ሙቀት በመቶዎች ዲግሪ ሊያወዛውዘው ይችላል ማለት ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ልኩ ሲሞላ አየሩ ይቆረጣል፣ እሳቱ ይታፈናል፣ ነጭና ወፍራም ጭስ ይወጣል፣ ቋንጣውም ይመርራል።

መፍትሔው ሙቀቱንና ጭሱን መለያየት ነው። ሙቀቱ ነዶ ከጠራ ከሰል ይምጣ፤ ጭሱ ደግሞ በሌላ ዕቃ፣ ነፋስ ሳያገኘው ቀስ ብሎ ከሚጤስ ጥቂት ወይራ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ በጋና፣ አክራ አጠገብ ባለችው ቾርኮር መንደር ስም የተጠራው የዓሣ ማጠኛ ምድጃ ማገዶን በመቆጠብ ታወቀ። ከዚያ በኋላ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሴኔጋል ካለ ማሠልጠኛ ጋር ያዘጋጀው የቲያሮይ ስልት የሚባለው ምድጃ የከሰል ማንደጃ፣ የሚንጠባጠብ ስብ መቀበያና ለብቻው የሚቆም ጭስ ማመንጫ ተጨመረለት። በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ለብዙ ሺህ ዓሣ አጫሾች የታሰበው ይህ ማሻሻያ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ አላስፈለገውም፤ ለውጡ የመጣው ከምድጃው ቅርጽ ነው። የቋንጣ ሥጋ ስቡ የተነጠለ በመሆኑ የሚንጠባጠበው ስብ ችግር እዚህ አነስተኛ ነው፤ የቀረው ግን እንዳለ ይሠራል። ከሰሉን በተመለከተ አካባቢው አልተቸገረም፤ ጎረቤት አዊ ከዲከረንስ ግራር የሚከስለው ከሰል በሰፊው ይሸጣል። ወይራው ነው የመነመነው። ለማገዶ ሳይሆን ለጭስ ብቻ መጠቀም ለዛፉም ይበጃል።

መሣሪያው ራሱ

በገበያ ላይ ጥብቅ የሚባሉት መቆጣጠሪያዎች ፒ.አይ.ዲ. በሚባል ስልት ይሠራሉ። ስልቱን ኒኮላስ ሚኖርስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ መርከብ መሪ ባቀረበው ጽሑፍ በቀመር አስቀምጦታል፤ ዚግለርና ኒኮልስ ደግሞ በ1942 እንዴት እንደሚስተካከል አሳይተዋል። መሣሪያው ሦስት ነገር ያሰላል፦ አሁን ያለውን ልዩነት፣ እስካሁን የተጠራቀመውን ልዩነትና ልዩነቱ የሚለወጥበትን ፍጥነት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ይህ በእጅጉ ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሙቀቱ ወዲያው መቀነስ ይጀምራልና። የከሰል እሳት ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚታዘዘው። ማራገቢያው ሊያነደው ይችላል፤ የነደደውን ግን መልሶ ሊያበርደው አይችልም። ከሰሉ ትእዛዙን የሚሰማው ከደቂቃዎች በኋላ በመሆኑ፣ የተጠራቀመውን ልዩነት የሚቆጥረው ክፍል ከልኩ አሳልፎ ይነፋል፤ ከዚያ ሳጥኑ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ያመጣል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ቡሬ ደግሞ 2,000 ሜትርን ታልፋለች። አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ማራገቢያ ያንኑ ያህል አየር ቢነፋም የሚያደርሰው ኦክስጅን ያንሳል፤ ማስተካከያው እንደገና መሠራት አለበት።

ከዚህ የከፋው ስህተት በሙቀት መለኪያው ላይ የሚደርሰው ነው። ብዙ የአጠቃቀም መመሪያዎች መለኪያውን በፈላ ውሃ ፈትነህ 100 ዲግሪ አድርገው ይላሉ። በፍኖተ ሰላም ውሃ የሚፈላው በ93 እና በ94 ዲግሪ መካከል ነው። መመሪያውን በታማኝነት የተከተለ ሰው መለኪያውን ስድስት ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ «71» የሚለው ንባብ በእውነቱ 65 ነው። በአካባቢው ኮሌጆች ቤተ ሙከራ ውስጥ ቢሆንም ይህ ሊያጋጥም የሚችል ስህተት ነው። አስተማማኙ መፈተኛ የሚቀልጥ በረዶ ነው፤ 0 ዲግሪ በከፍታ አይለወጥም ማለት ይቻላል።

በመስታወቱ ላይ የሚታየው የዲግሪ አሥረኛም አያታልል። የተለመደው የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል በሁለተኛ ደረጃ ጥራቱ 2.5 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ሊሳሳት ይችላል። በአንድ ተራ የላሜራ ሳጥን ውስጥ በላይኛውና በታችኛው መደርደሪያ መካከል የሚኖረው የሙቀት ልዩነት ደግሞ ከዚህ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። አንድ መለኪያ አንድ ቦታን ብቻ ያውቃል። መደርደሪያዎቹን በየሰዓቱ ማቀያየርና ሳጥኑን በጭቃና በጭድ መመረግ ውድ መቆጣጠሪያ ከሚያስተካክለው የበለጠ ያስተካክላሉ።

ስለ ኃይል ጥቂት ቃል። መቆጣጠሪያውና ማራገቢያው በአንድነት 5 ዋት ቢወስዱ፣ ባለ 12 ቮልት የ7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ እስከ ግማሹ ቢሠራበት ስምንት ሰዓት ያህል ያደርሳል። ክረምት ላይ ቋንጣ ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል። መብራት በሌሊት ሲጠፋ፣ ወይም በገጠር ባትሪው ሲያልቅ፣ በማራገቢያ ብቻ የሚተነፍሰው ሳጥን እሳቱ ይታፈንና ሥጋው ለብ ባለ እርጥብ አየር ውስጥ እስኪነጋ ይቆያል። በራሱ ስበት የሚተነፍሰው፣ ከታች ቀዳዳ ከላይ ጭስ ማውጫ ያለው ሳጥን ግን መብራት መጥፋቱን አያውቅም።

ውሳኔው የሚዞርበት ቦታ

ለቤተሰብና ለጎረቤት ቅርጫ ለሚሠራ የከሰል ሳጥን እንግዲህ ጥብቁ መቆጣጠሪያ አይመከርም። ያው ገንዘብ በመጀመሪያ በሁለት ቀላል መለኪያዎች ላይ ይዋል፤ አንዱ ለአየሩ፣ ሌላው በወፍራሙ ዝልዝል ውስጥ የሚሰካ። ቀጥሎ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር በር፣ ከዚያም የተለየ የጭስ ዕቃ። በዚህ ምክር ላይ ሊነሳ የሚችል አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም ሊዘለል አይገባም። እሳቱን የምትጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ በየጊዜው ሳጥኑን ከፍታ ማየት ማለት ጭሱን መተንፈስ ማለት ነው። መቆጣጠሪያ ይህን ድካምና ጉዳት ይቀንሳል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ጥቅም የሚሰጠው ጥብቅነቱ አይደለም። ሙቀቱ ከተወሰነ ወሰን ሲወጣ የሚጮህ፣ ከውጭ የሚነበብ መለኪያ ያንኑ አገልግሎት በጥቂት ወጪ ይሰጣል፤ እሳቱንም አይነካውም።

ሁኔታው የሚለወጠው በሦስት ቦታ ነው። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ሲሆን መቆጣጠሪያው የሳጥኑ አካል ነው፤ ያለ እርሱ መሥራትም አይቻልም፤ በዚያም ቢሆን ለቋንጣ የሚበቃው ተራ ቴርሞስታት ነው። ሁለተኛው ምርቱ ከቤት ወጥቶ ወደ ገበያ ሲሄድ ነው። ቡሬ ከቡልቡላ፣ ከይርጋለምና ከባእከር ጋር በአገሪቱ በመጀመሪያ ከተመረጡት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች የአንዱ መቀመጫ ናት። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ቋንጣ አዘጋጅቶ ለሩቅ ገዢ የሚያቀርብ ድርጅት እያንዳንዱ ጭነት በምን ሙቀት ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ማስረጃ ይጠየቃል። እዚያ ከመቆጣጠሪያው የሚፈለገው ዋናው ነገር መዝገቡ ነው፤ ሳይመዘግብ ልኩን የሚጠብቅ መሣሪያ ለተቆጣጣሪው ምንም አይነግረውም።

ሦስተኛው ዓሣ ነው። ከጣና የሚመጣው ቆሮሶና አምባዛ ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ ቶሎ ይበላሻል፤ በጭስ ማቆየትም አማራጭ ነው። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ገበያውን ግን በእጅጉ ይወስነዋል።) በሙቅ ጭስ የተዘጋጀ ዓሣ እንደ ቋንጣ አጥንት እስኪመስል አይደርቅም፤ እርጥበቱን ይዞ፣ ሳይበስል በቀጥታ ይበላል። ደኅንነቱን የሚጠብቁት ጨው፣ ቅዝቃዜና ሙቀቱ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመሪያ ለዚህ ዓይነቱ ዓሣ የሚያስቀምጠው ልክ ውስጡ ቢያንስ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ከዚህ ልክ ማነስ አደጋ ነው፤ አብዝቶ ማለፍ ደግሞ ዓሣውን ያፈራርሰዋል። የሚፈቀደው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ጥብቅ መቆጣጠሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋውን ያስገኛል፤ ያውም መለኪያው ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከሁሉ በወፈረው ዓሣ መካከል፣ ከሁሉ በቀዘቀዘው መደርደሪያ ላይ ሲሰካና ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ንባብ ሲሆን ነው።